ቱርቦው እስኪበርድ

«ከዛሬ ማታ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ቀርቷል» አለ ሾፌሩ ቁርስ ላይ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ።

የቤቱ ሰው ሁሉ ማላመጡን አቆመ። መጀመሪያ ያስደነገጣቸው የተናገረው ነገር ሳይሆን መናገሩ ነው። ሰውየው እቤት ውስጥ ከ«ጨው» እና ከ«ቻርጀሬን ማን ወሰደው» የረዘመ ነገር ሲወጣው ከሰሙ ቆይተዋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ማንኪያዋን ብርጭቆው ውስጥ እንዳቆመች ቀረች። ሁሉም እትዬ የሚሏት ታላቅ እህቱ፣ ከእነሱ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ አንድም ቀን ቁርስ ላይ ተደንቃ የማታውቅ ሴት፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገችው፤ የሰማችውን በደንብ ልታይ የፈለገች ይመስል። ልጅቱ ወደ እናቷ አየች። እናትም ወደ ልጇ አየች። ከዚያ ሁለቱም ወደ ዳቦው አዩ።

«ቱርቦው ዛሬ ይቀየራል» አለ ሾፌሩ ቀጥሎ። «የድሮው ዓይነት አይደለም፤ በኳስ የሚሽከረከር ባለ ኩሽኔታ ነው። እንደቆሙ ማጥፋት ነው።» ይህን ብሎ የወር ቀለቡን በአንድ ጠዋት እንደጨረሰ ሰው አፉን በመዳፉ ጠረገና ወጣ። ደጅ ያለው ሚኒባስ ሲነሳ እንደ ሰሞኑ ልማዱ አፏጨ፤ ጭሱም በመስኮት ገብቶ እንደ እንግዳ ጠረጴዛው ላይ አብሯቸው ተቀመጠ።

ነገሩን ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ቤተሰብ ጤነኛ አይመስልም። ሚኒባሱ የሠራተኛ ሰርቪሱን ሲጨርስ ልብስ ሰፊዋን ከሥራዋ፣ ልጅቱን ከኮሌጅ በር ለቅሞ ይመጣል፤ የግቢው በር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ማንም አይወርድም። ሞተሩ እየሠራ ሰዎቹ ወደ ፊት ብቻ እያዩ ይቀመጣሉ። ጎረቤት መጀመሪያ ሰሞን ቁልፍ የጠፋባቸው መስሎት ነበር፤ ቀጥሎ ጸሎት ነው ተባለ፤ አሁን ራት የሚጥደው እነሱን አይቶ ነው። ምክንያቱ ቱርቦው ነው። ሾፌሩ ሚኒባሱን የገዛ ጊዜ አንድ መካኒክ አስጠንቅቆታል። የሞተሩ ጭስ የሚያሽከረክራት አንዲት ዘንግ አለች፤ ለሞተሩ አየር የምትግተው እሷ ናት፤ የምትሽከረከረውም ሰው ሊገምተው በማይችል ፍጥነት ነው። የያዛት ደግሞ ቦኮላ የሚሉት የነሐስ ቀለበት ነው፤ እሱንም ቢሆን አትነካውም፤ በመሀላቸው ባለች ስስ ዘይት ላይ ነው የምትንሳፈፈው። ሞተሩን ድንገት ካጠፋኸው ዘይቱ ቀጥ ይላል፣ ዘንጓ ግን ቀጥ አትልም፤ የጋለው ብረት ላይ የቀረው ዘይት አርሮ ጥቀርሻ ይሆናል፤ ቦኮላውም ተበልቶ ያልቃል። ስለዚህ ስትደርስ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ቀስ ብሎ እንዲሠራ ተወውና ቱርቦው እስኪበርድ ጠብቅ። ሾፌሩ የሐኪም ትእዛዝ ሰምቶ አያውቅም፤ ስኳር ቀንስ ሲሉት አንድ ማንኪያ የሚጨምር ሰው ነው። ይህችን ግን እንደ መሐላ ያዛት። ከራሱም ጨምሮባታል፦ ዘንጓ ተንሳፋ ስላለች በር ሲከፈትና ሲዘጋ ትደነግጣለች ብሎ ስላመነ፣ ቱርቦው ሳይበርድ ከመኪናው የሚወርድ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ሰሞን እየተነጫነጩ ተቀመጡ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ሾፌሩ የፊት መስታወቱን እያየ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ወገቤን ያመኛል» አለ። ሚስቱ ከኋላ ሆና «ከመቼ ጀምሮ?» አለችው። «ከባለፈው ክረምት» አላት። እንዲህ ነው የተጀመረው። መኪና ውስጥ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ስለሚያይ የማንም ፊት አይታይም፤ የሞተሩ ድምፅ የንግግሩን ግማሽ ይውጥለታል፤ የቀረውን ግማሽ ሰው ይደፍረዋል። ብዙም ሳይቆይ በቤቱ ውስጥ ተሰንቅሮ የኖረ ነገር ሁሉ እዚያች ወንበር ላይ መውጣት ጀመረ። እትዬ የጎረቤቱን ድመት በመጥረጊያ ያባረረችው እሷ መሆኗን የተናገረችው እዚያ ነው። ልጅቱ ሒሳብ የወደቀችውም፣ ሾፌሩ የጥርስ ሐኪም የሚፈራ መሆኑም፣ ልብስ ሰፊዋ የባሏን እናት ፎቶግራፍ ሳሎን ውስጥ ማየት ያስጨነቃት መሆኑም እዚያው ተነገረ። ሕጉን ያወጣችው እትዬ ናት፦ ሞተሩ እየሠራ የተባለ ነገር እቤት አይገባም፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አንዲት ቃል የጨመረ ሰው መልስ የሚሰጠው ለእሷ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ የነበረ ሰው አፉን ዘግቶ ይወርዳል፤ የቀረውን ለነገ ያሳድራል። እትዬ ቤት በዋለችበት ቀን እንኳ የሚኒባሱን ድምፅ ስትሰማ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጥታ፣ ከደጅ ወደ መኪና ገብታ ትቀመጣለች፤ ሞተሩ ሲጠፋ ከእነሱ ጋር ወርዳ «እንደምን ዋላችሁ» እያለች ትገባለች።

እና ዛሬ ነው ይህ ሁሉ የሚቀረው። ዛሬን የሚያህል ቀን ጠፍቶ! ልጅቱ እናቷ ብቻ የምታውቀው፣ ለአባቷ የምትነግረው ነገር ነበራት፤ የምትነግረውም ዛሬ ማታ ካልሆነ አይሆንም። የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ትታለች። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ከነገ ጠዋት ጀምሮ የከተማው ጽዳት የቆሻሻ መኪና ላይ ሾፌር ሆና ትገባለች። አባቷ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ላይ ስላሳለፈ «የእኔ ልጅ መሪ አይጨብጥም» ብሎ የማለ ሰው ነው፤ በልጅነቷ የብስክሌት እጀታ ስትይዝ እንኳ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ሰፈር ቢሆን ቀስ ተብሎ ይነገረው ነበር። ግን መሥሪያ ቤቱ ለአዲስ ሾፌር መንገድ ሲያከፋፍል «ሰፈሩን የሚያውቅ» የሚል ደንብ ስላለው የልጅቱ መኪና ነገ ጠዋት ሥራ የሚጀምረው እዚሁ፣ ከራሳቸው በር ነው። አባቷ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ ቀና ይላል፤ ልጁን ያያል።

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው የተማሪ ደንብ ልብስ በሚሰፋበት ትልቅ ክፍል ውስጥ ነው። የእሷ ድርሻ ኮሌታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንገት የሌለው ኮሌታ በፊቷ ያልፋል። ያን ዕለት ሦስተኛውን ኮሌታ ገልብጣ ሰፋችውና ተነሥታ ወደ ተቆጣጣሪዋ ሄደች።

«ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

«ለምን?»

«ቱርቦ» አለች፤ ውሸት አላዘጋጀችም።

«ዘመድ ነው?»

«በባሌ በኩል ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ሳንባ በይው። ዛሬ ይቀየራል።»

ተቆጣጣሪዋ ሕክምና እዚህ መድረሱ ገርሟት «ይማርልሽ» አለችና አጠገቧ ካሉት ሴቶች አንዷን ኮሌታ ላይ አስቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ በሩን ስትወጣ ከኋላዋ «ስሙ ግን የውጭ አገር ሰው አይመስልም?» ሲባል ሰማች። አልተመለሰችም።

የቱርቦ ጥገናው ቤት በጎማ ሻጮችና በመስታወት ቆራጮች መሀል የተወተፈች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ በሯ ላይ «የቱርቦ ክሊኒክ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ውስጧ ላምባ ላምባ ይሸታል። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ቀንድ አውጣ የመሰሉ ቱርቦዎች እንደ ተራ ጠባቂ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ላይ የመኪናው ቁጥርና የሕመሙ ዓይነት በኖራ ተጽፏል፦ «ያፏጫል»፣ «ዘይት ይተፋል»፣ «ዝም ብሏል»። ባለቤቱን ሰፈርተኛው ሐኪሙ ይለዋል። እሱም አልጠላውም መሰለኝ፣ ነጭነቱ በወሬ ብቻ የቀረ ጋውን ይለብሳል፤ ሞተር የሚያዳምጠውም ረጅም ጠመንጃ መፍቻ ጆሮው ላይ ደግኖ ነው። የሚኒባሱ ኮፈን ተከፍቶ ደጅ ቆሟል። አሮጌው ቱርቦ ተፈቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። በጠረጴዛው ማዶ፣ ክራባቱን ዘይት እንዳይነካው ትከሻው ላይ የጣለ ወጣት ቆሟል፤ ፊቱ ያለው ሻንጣ ውስጥ፣ የጌጥ ዕቃ በሚቀመጥበት ዓይነት ቀይ ከፈይ ላይ፣ አዲሱ ተጋድሟል። ወጣቱ የኩሽኔታው ኩባንያ ወኪል ነው።

«ጋሼ፣ ሳይገባ ደረስኩ?» አለች ልብስ ሰፊዋ እያለከለከች።

«ምኑ?»

«አዲሱ።»

«ገና ነው። ባልሽ ልኮሽ ነው?»

«አይደለም። አሮጌውን መልስልኝ ልልህ ነው።»

ሐኪሙ መፍቻውን ከጆሮው አወረደ። ወኪሉ ደግሞ ሰው ሲሳሳት እንደሚደሰት አስተማሪ ፈገግ አለና፣ ሳትጠይቀው፣ አዲሱን ከከፈዩ ላይ አንሥቶ ዘንጉን በአፉ እፍ አለበት። ዘንጉ ድምፅ ሳያሰማ መሽከርከር ጀመረ፤ አላቆም አለ፤ ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት። «ኳሶቹ ሴራሚክ ናቸው፣ እመቤት» አለ ወኪሉ በሹክሹክታ፤ የተኛ ሕፃን ያሳያት ይመስል። «ዘይት ጠብታ ይበቃዋል። ዙሪያውን ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ነዳጁን ሳይረግጡት ይነሣል። ቦኮላ የአያቶቻችን ቴክኖሎጂ ነው።»

«የእኔ አያት የሚሄደው በእግሩ ነበር» አለ ሐኪሙ። ከዚያ አሮጌውን አንሥቶ ዘንጉን በጣቱ ግራ ቀኝ አንቀጫቀጨላት። «አየሽው? ሲደርቅ እንዲህ ይላወሳል። ሰው ይህን ያይና ሞቷል ይላል። ዘይት ሲገባበት ግን ይቆማል። ዘንጉ ቀለበቱን አይነካ፣ ቀለበቱ ቤቱን አይነካ፤ ሁሉም በየራሱ ይዞራል፣ በመሀላቸው ዘይት አለ። እንዲህ ሆነው ዓመት ይኖራሉ።»

ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች።

«ተይው» አለ ሐኪሙ እጁን አንሥቶ። «ከትዳር ጋር ልታመሳስይው ነው። ይህን ዘንግ ያየ ሰው ሁሉ ያመሳስለዋል፤ ባለፈው አንድ ዳኛ እዚሁ ተቀምጦ አለቀሰ። ቦኮላ ቦኮላ ነው፣ እህቴ። ምን ፈለግሽ?»

ምን እንደፈለገች ነገረችው። ስትነግረው ለራሷም እየገረማት ሄደ፤ ሞተሩ፣ ወንበሩ፣ የእትዬ ሕግ፣ ልጅቱ፣ የነገ ጠዋቱ የቆሻሻ መኪና። ሐኪሙ በየመሀሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ወኪሉ ግን ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሥልጠናው ላይ ስለተናደደ ደንበኛ፣ ስለማይከፍል ደንበኛ፣ ስለሚሳደብ ደንበኛ ተምሯል፤ መጠበቅ ስለሚፈልግ ደንበኛ ግን አንድም ሰው አልነገረውም። ስልኩን አወጣና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ።

«አዎ፣ መጠበቅ ትፈልጋለች... አይ፣ አልተቆጣችም... አይ፣ ጤነኛ ናት፣ ይመስለኛል... ‘ፈጣን ነው’ ብያታለሁ። እሱን ነው የጠላችው።» ትንሽ ሰማና ስልኩን ለልብስ ሰፊዋ ሰጣት።

«ከኩሽኔታችን ጋር ምን ችግር ገጠመዎት?» አለች አንዲት ለስላሳ ድምፅ።

«ምንም ችግር የለበትም። ችግሩ እሱ ነው።»

«እንግዲያው ‘ችግር የለም’ ብለን እንመዝግብልዎት?»

«መዝግቢው።»

«ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?»

«ትንሽ ልታበላሹት አትችሉም?»

ስልኩ ተዘጋ። ወኪሉ ስልኩን ተቀብሎ በመሀረብ ጠረገው። ልብስ ሰፊዋ ወደ ሐኪሙ ዞረች። እሺ አዲሱ ይግባ፣ ባሌ ሊወስደው ሲመጣ ግን ‘ይህም ቢሆን ትንሽ ማቆየት ይፈልጋል’ በለው አለችው። ሐኪሙ አሰበ፤ አገጩን አከከ፤ መጠበቅ የሚጎዳው ቱርቦ እስከዛሬ አላየሁም አለ። እሺ ሊላት ሲል ወኪሉ ጣልቃ ገባ። አይቻልም! ‘መጠበቅ አያስፈልግም’ የሚለው ዋስትናው ላይ የተጻፈ ነው፤ ተቃራኒውን መናገር የዕቃውን ስም ማጥፋት ነው፤ ኩባንያው ከዚህ ቤት ውክልናውን ያነሣል። ሐኪሙ መደርደሪያውን አየ፣ ቀንድ አውጣዎቹን አየ፣ ትከሻውን ሰበቀ።

«ባልሽ ይምጣና ራሱ ‘ቦኮላውን መልስልኝ’ ይበለኝ። እመልሰዋለሁ፤ ቦኮላ ሞልቶኛል።»

«እሱ መናገር ቢችል እኔን እዚህ ምን አመጣኝ?»

«ደግሞም የሚል አይመስለኝም» አለ ወኪሉ፣ ሻንጣውን ባዶ አድርጎ እየዘጋ። «ዕቃውን ሲያዝ ደጋግሞ ነው የጠየቀኝ። ‘ምንም? ትንሽም መጠበቅ የለም? ክረምትም ቢሆን?’ እያለ። ደስታውን ማመን ነው ያቃተው።»

ልብስ ሰፊዋ ደጅ ወጥታ የጎማ ሻጩ ደጃፍ ላይ፣ አንድ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ለካ ባሏ እነዚያን ደቂቃዎች እንደ እስራት ነው ሲቆጥር የኖረው፤ ለካ እሷ ብቻ ናት ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስትገለብጥ ማታ የምትለውን ስታዘጋጅ የምትውለው። ከውስጥ የመፍቻ ድምፅ መጣ። ሐኪሙ አዲሱን እያሰረው ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ሲያጠብቀው ቀስ ብሎ ነው ያጠበቀው።

ከሰዓት በኋላ ልጇን የኮሌጁ በር ላይ አገኘቻት። ልጅቱ ትምህርቱን ከተወች ወዲህም በየዕለቱ እዚህ ትመጣለች፤ አባቷ የሚወስዳት ከዚህ ነዋ። ከጽዳት መሥሪያ ቤቱ ግቢ በእግሯ ትመጣና፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቡት ጫማዋን አውልቃ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች፤ የሒሳብ መጽሐፉን አውጥታ ደረቷ ላይ ትይዛለች። መጽሐፉ አሁን የናፍጣ ሽታ አለው።

«እንዴት ሆነ?» አለች።

«ገባ።»

«ወይኔ ጉዴ!» ልጅቱ መጽሐፉ ላይ አገጯን ጣለች። «እና የት እንነግረዋለን?»

«ራት ላይ።»

«ራት ላይ? ዓይን ዓይኑን እያየሁ?» ራቁትሽን ውጪ የተባለች ይመስል ቀላች። «እማዬ ደግሞ!»

«በስልክ ደውይለት።»

«ሲነዳ አያነሳም። ሲያቆም ደግሞ ስልኩን መኪና ውስጥ ትቶት ይወርዳል።»

«እየነዳ ሳለ፣ መንገድ ላይ ንገሪው።»

«እየነዳ የሚያናግረው ሌሎቹን ሾፌሮች ነው። እነሱን ሲያናግር ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ታውቀዋለች። ነገ ጠዋት ታምሜያለሁ ብለሽ ቅሪ አለቻት፤ መጀመሪያ ቀን የቀረ ሾፌር ሁለተኛ ቀን የለውም አለች ልጅ። እንግዲያው እኔ ቆሻሻውን ቀድሜው አወጣለሁ አለች እናት፤ እሱ መኪና ሲሰማ ለማየት መስኮት ላይ ይሄዳል አለች ልጅ። ይህን ሲሉ ሚኒባሱ መጣ። ሳያዩት ቆመላቸው፤ ፉጨቱ ጠፍቷል፤ ጭስ የለውም፤ ከጎረቤት የተዋሱት መኪና ይመስል ነበር።

መንገዱም አጠረ። ድሮ ዳገቱ ላይ ሚኒባሱ ሲያቃስት ልብስ ሰፊዋ የምትለውን ትደረድር ነበር፤ ዛሬ ነዳጁን ገና ሲነካው ተምዘግዝጎ ወጣው። ሾፌሩ ሁለት ታክሲዎችን ቀደመ፤ አንዱንም አልሰደበም። በኋላ መስታወቱ ውስጥ ግንባሩ ብቻ ነው የሚታያት፤ ግንባሩ ደስተኛ ይሁን አይሁን ከእሱ ጋር እዚህ ዕድሜ ደርሳ እንኳ ለይታ አታውቅም። በሩ ላይ ሲደርሱ እትዬ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ከግቢው ወጣች። ቁርስ ላይ የተባለውን ረስታው እግሯ ነው ያመጣት፤ ሲቆሙ ትዝ ብሏት መንገድ ላይ ቀጥ አለች፤ እንዳላፈረች ሰማዩን ዝናብ አለው የለውም ብላ መመርመር ጀመረች። ልጅቱ የበሩን እጀታ ያዘች። ልብስ ሰፊዋም ቦርሳዋን አነሳች። የሾፌሩ እጅ ቁልፉ ላይ ነው።

ቁልፉ ላይ ቆየ።

«እትዬ፣ ምን ያቆምሻል?» አለ በመስኮት። «ግቢ እንጂ።»

«አላጠፋኸውም?»

«አይጠፋም። አዲሱ ይብሳል አሉ።»

«ጠዋት እንደቆሙ ማጥፋት ነው አላልክም?» እትዬ የተባለን ነገር የምትረሳ ሴት አይደለችም። «ባለ ኩሽኔታ ነው፣ መጠበቅ ቀርቷል፣ አላልክም?»

 የሾፌሩ ጆሮ ጫፍ ሲቀላ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ አየች። እሷም ቦርሳዋን መልሳ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

«ወኪሉ ነው አሳስቶ የነገረው» አለች። «ይብሳል። ዛሬ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ከድሮው በጣም የበለጠ ማቆየት ይፈልጋል።»

በመስታወቱ ውስጥ ግንባሩ ዝቅ አለና ዓይኑ መጣ። ዓይኑ ትንሽ ቆይቶ ወደ ፊት መስታወቱ ተመለሰ። እትዬ ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ በሩንም ዘንጓ እንዳትደነግጥ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ዘንጓ በሴራሚክ ኳስ ተይዛ፣ በውሃ ተከባ፣ ገና ሲቆሙ በርዳ ጨርሳለች። አራቱም ወደ ፊት እያዩ ጠበቁላት።

«አባዬ» አለች ልጅቱ።

«ህም።»

«ኮሌጁን ትቼዋለሁ።»

የመንገዱ ዳር መብራት በራ። አንዲት ሴት ወተት ይዛ አለፈች፤ እንደ ወትሮዋ በእጇ ሰላም አለቻቸው፤ ማንም አልመለሰላትም።

«መቼ?»

«ከዘመን መለወጫ በፊት።»

«ማታ ማታ የምወስድሽስ?»

«መጥቼ እጠብቅሃለሁ።»

ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ የቆመውን መኪና የሚነዳ ይመስል። ልብስ ሰፊዋ ‘ቀስ በይ’ ልትላት እጇን ወደ ልጇ ጉልበት ሰደደች፤ ልጅቱ ግን አንዴ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ስለደረሰች መቆም አልቻለችም። መንጃ ፈቃዱን ነገረችው። ፈተናውን መጀመሪያ ጊዜ እንዳለፈችው፣ ወደ ኋላ መንዳቱን ብቻ ሁለቴ እንዳስደገሟት ነገረችው። የቆሻሻ መኪናውን ነገረችው። ነገ ጠዋት እንደሆነ፣ መንገዱም ከዚህ፣ ከዚሁ በር እንደሚጀምር ነገረችው። የመጨረሻውን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልታወቀም። እትዬ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የሾፌሩ አንገት ቀስ በቀስ ከኮሌታው በላይ ቀላ። ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን የሰፋችው ኮሌታ ሁሉ የተሰፋው ለዚህ አንገት መሰላት። ሰውየው አየር ወደ ውስጥ ሳበ።

«የእኔ ልጅ» አለ፣ ከሆዱ በሚወጣ ድምፅ፣ «የእኔ ልጅ መሪ—»

ሞተሩ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ሳለና ቀጥ አለ። ወኪሉ የኩሽኔታውን ፍጥነት ሊያሳይ ሚኒባሱን ሲነዳው ናፍጣውን ጨርሶት ኖሯል፤ ሾፌሩም የናፍጣው ቀይ መብራት መንገድ ሁሉ ሲያበራበት አላየውም። ድንገት የመጣው ጸጥታ ጆሮ ያማል። ከጎረቤት ሰው ሲያስነጥስ ተሰማ።

«ጠፋ» አለች እትዬ። እጇን ከአፏ አነሳች፤ ሕግ ሕግ ነው። «ሞተሩ ጠፍቷል። በቃ፣ ውረዱ።»

ሾፌሩ የጀመረው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ ታውቀዋለች፤ ይህ ሰው አሁን ከወረደ ቃሉን ይዞት ይገባል፤ ራት ላይ «ጨው» ይላል፤ ሌሊቱን ሲያላምጠው ያድርና ነገ ጠዋት ቆሻሻው አጠገብ፣ ሰው ፊት፣ ይተፋዋል። እትዬ ወርዳ መንገዱ ላይ ቆማለች። ልጅቱ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ አንድ እግሯን ወደ ውጭ አወጣች።

«ባለ ምንድነው?» አለ ሾፌሩ።

ለመስታወቱ ነው የተናገረው። ልጅቱ እግሯን አየር ላይ እንዳለ አቆመችው።

«ምኑ?»

«መኪናው። ባለ ቦኮላ ነው ባለ ኩሽኔታ?»

«አንተ!» አለች እትዬ ከውጭ፣ የመኪናውን ጎን በመዳፏ እየመታች። «ሞተሩ ጠፍቷል እኮ!»

«አላውቅም፣ አባዬ። አሮጌ ነው።»

«የማታውቂውን መኪና ልትነጂ ነው?» ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ማን ላይ እንደተቆጣ ራሱም አልለየውም። «አሮጌ ከሆነ ቦኮላ ነው። ‘ቶሎ አጥፊው’ ቢሉሽ እንዳትሰሚያቸው። ሰማሽኝ? እነዚያ ከኋላ የሚንጠለጠሉት ይቸኩላሉ፤ ይቸኩሉ።»

«እሺ።»

«ጠፍቷል ብያለሁ!» እትዬ መንገዱ ላይ እግሯን መታች። ወተት የያዘችው ሴት ስትመለስ ቆማ ማየት ጀምራለች። «ሰው ምን ይላል? በጠፋ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማውራት!»

ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተገላበጠ። ወገቡ ስላመመው ቀስ ብሎ ነው፤ አንድ ክንዱን መደገፊያው ላይ አሳልፎ፣ ሙሉ ፊቱን ወደ ኋላ አዞረና ልጁን አያት።

«ፍሬኑስ?» አላት።